ክኒኑ እየተዋጠ ነው

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 10 ቀን

ውድ አባቴ፣

ደብዳቤ በጤና ጥያቄ እንደሚጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን ስለ ጤናዎ አልጠይቅም። ብጠይቅ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እግርዎ አብጦ ጫማ አልገባ ያለ ዕለትም ያሉኝ ይህንኑ ነው። የእርስዎን ጤና ከእርስዎ መስማት ትቼ ከጎረቤትዎ ከአማረ እሰማለሁ።

አማረ ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ አገኘሁት። ወደ ጠበሉ እንዴት እንደሄዱ ነገረኝ። «ዳማን ጭነው ከቤት ወጡ፤ ይህንን አይቻለሁ» አለ። «ወንዙን ተሻግሬ ስደርስባቸው ግን ፈረሱ ባዶውን ነው። እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ይሄዳሉ። 'የኔታ፣ ምነው?' ብላቸው 'ገና አላገገመም፣ ይድከመው ወይ?' አሉኝ። እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለውታል። እንግዲህ እኔ የቱን በሽተኛ፣ የቱን አስታማሚ ልበል?» ሳቀ። ከዚያ የእኔን ፊት አይቶ ሳቁን ተወው።

ይህ ደብዳቤ በእሱ እጅ ይደርስዎታል። ስልክዎን ከዘጉ ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የተጻፈ ነገር ግን ሳያነቡ አይተዉም፤ ቢቆጡ እንኳ ስሕተት ሊለቅሙበት ያነቡታል። ይልቀሙ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ እንጂ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፈዋለሁ። ሁለታችንም የየራሳችንን ጥፋት እየዘለልን ስለምንናገር በቅደም ተከተል ተነግሮ አያውቅም።

ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ታቦት አስገብተው ሲመለሱ ትንፋሽ አጠረዎ። ደብረ ማርቆስ አምጥቼ አስመረመርሁዎ። ሐኪሙ ደረትዎን አዳምጦ «የኔታ፣ ልብዎ ምት ይስታል፤ ጉልበትም አንሶታል» አለ። እርስዎም «እስቲ እኔም ልስማው» አሉ። ማዳመጫውን ጆሮዎ ላይ አደረገልዎ። ዓይንዎን ጨፈኑ፤ ተማሪ ዜማ ሲያሰማዎ እንደሚያደርጉት በጣትዎ ጉልበትዎን እየመቱ መከተል ጀመሩ። ጣትዎ ተደናገረ። ሁለቴ ፈጠነ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ፣ ከዚያ ተወው። ማዳመጫውን አውልቀው «ይህማ ቃሉን ሳያጠና ለማሕሌት የቆመ ተማሪ ነው» አሉ። ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን መፍራትዎን የሚያሳይ ምንም ነገር አላየሁም።

ሐኪሙ ክኒኑን ሲያዝልዎ የተናገረውን ሁለታችንም ሰምተናል። «ዲጎክሲን ይባላል። ልብን ያረጋጋል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ግን መጠኑ ጠባብ ነው። ትንሽ ካነሰ አይሠራም፤ ትንሽ ከበዛ መርዝ ነው። በቀን አንድ። ከአንድ በላይም ከአንድ በታችም የለም።»

ቤትዎ እንደገቡ ያደረጉትን ያወቅሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ወደ ጋጣው ሄደው ጆሮዎን በዳማ ደረት ላይ፣ ከግራ እግሩ ብብት ኋላ ለጠፉ። ያን ጆሮ አውቀዋለሁ። ሃያ ተማሪ ባንድ ላይ ሲያሸበሽብ የትኛው ጸናጽል እንደዘገየ ሳይዞር የሚለይ ጆሮ ነው። የሰማውም ልክ ነበር። ዳማ ሦስት ጊዜ ይመታና አንድ ምት ዝም ይላል። ሦስት ይመታል፣ አንድ ዝም ይላል። ሐኪሙ የተናገረው ቃል ትዝ አለዎ፦ ይስታል። አሥራ አንድ ዓመት ከደብር ደብር ያመላለሰዎ ፈረስ የእርስዎን በሽታ ታሟል ብለው ደመደሙ። ለማንም አልነገሩም። መድኃኒቱን አካፈሉት።

እሑድ እሑድ ስደውል የምጠይቅዎ አንድ ጥያቄ ነበር። «ክኒኑን ይውጣሉ?»

እርስዎም «እየተዋጠ ነው» ይሉኛል።

ሌላ ጊዜ «በሰዓቱ ይዋጣል» ይላሉ። በዐቢይ ጾም «ከቅዳሴ በኋላ ይዋጣል» አሉኝ፤ እኔም ስለ ሰዓቱ ተከራክሬዎ «እሺ፣ ብቻ አይቅር» ብዬ ዘጋሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ተደራጊ ግሥ አድራጊው የማይታይበት ግሥ ነው እያልሁ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የእርስዎን ግሥ ግን አልሰማሁትም። ማን እንደሚውጠው አልጠየቅሁም። አንድ ቀን እንኳ አልዋሹኝም፤ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ብቻ ደበቁብኝ።

ሚያዝያ ላይ ክኒኑ ቀኑ ሳይደርስ አለቀ። «እንዴት አለቀ?» ብልዎ «የሚበላው በዛ» አሉ። ቀልድ መሰለኝ። በቅርብዎ ወዳለችው ይጁቤ በሚሄድ ሚኒባስ ሌላ ላክሁ። እሱም አለቀ። ግንቦት ማብቂያ ላይ «ክረምት ገብቶ መንገዱ ሳይበላሽ የስድስት ወሩን ባንድ ላይ ላኪልኝ» አሉኝ። መድኃኒት ቤቷን ለምኜ፣ የሐኪሙን ወረቀት ሁለቴ አሳይቼ ላክሁ። ጥንቃቄዎ አስደሰተኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «አባቴ ልብ ገዛ» እያልሁ አወራሁ።

በዚያው ስልክ «ዳማስ ደኅና ነው?» ብዬዎ ነበር። «ልቡን ያመዋል» አሉ። ሳቅሁ። እርስዎ ልብ ካሉ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ ብዬ ወርቁን ፍለጋ ሄድሁ። ሰሙ እንደ ወረደ እውነት ነበር፤ እሱ አመለጠኝ።

ሰኔ 11 አማረ ደወለ። «ነይ። ፈረሱ እህል ተወ። የኔታም ከፈረሱ አይሻሉም።»

በማግስቱ ስደርስ ያየሁትን እርስዎም ያውቁታል፤ ቢሆንም ከውጭ የመጣ ሰው ዓይን እንዴት እንዳየው ይወቁልኝ። እርስዎ ጋጣው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁርጭምጭሚትዎ የለም፣ እግርዎ ከባትዎ ጋር አንድ ሆኗል። ዳማ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ገብሱ ፊቱ ተቀምጧል፤ አልነካውም። ጆሮው ወድቋል። አልፎ አልፎ ሆዱን ዞሮ ያያል፣ በኋላ እግሩም ይመታዋል። ፋንድያው ቀጥኗል። ስሙን ስጠራው ጆሮው እንኳ አልተነሣም።

ከይጁቤ የእንስሳት ሐኪሟን እስከዳርን አመጣሁ። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያበቃበት አድርሶን የቀረውን ጭቃ በእግር ወጣነው። እሷ ቦት ጫማ ነበራት፤ እኔ በከተማ ጫማ። እስከዳር ማዳመጫዋን ዳማ ደረት ላይ አድርጋ ሰዓቷን እያየች ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረች።

«የኔታ፣ ምን ሰጡት?»

«የማይገባው ነገር አልተሰጠውም።»

ያኔ ሰማሁት፣ አባቴ። አምስት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ግሥ ያኔ ሰማሁት። «ማን ነው የሰጠው?» አልሁ።

የመለሰልኝ አማረ ነው። «ያ በሶ ይሆን? ጠዋት ጠዋት በሶ ጨብጠው ያጎርሱታል። እኔማ ለፈረስ በሶ ሲጨበጥ አይቼ አላውቅም፤ ሱባኤ የገባ መስሎኝ ነበር።»

በሶው ውስጥ ክኒን ነበር። እስከዳር ስትጠይቅዎ ግን፣ ለእውነት ይነገርልዎ፣ አንዱንም አላስቀሩም። መጀመሪያ አንድ ሰጡት፤ ለውጥ የለም። ፈረስ በክብደት አምስት ሰው ይሆናል ብለው አምስት አደረጉት። ከዚያ አሥር። እንዲዳረስ ብለው ለራስዎ በሁለት ቀን አንድ፣ በኋላም በሳምንት አንድ አደረጉ። የስድስት ወሩ ሲደርስዎ ጠዋት ሃያ፣ ማታ ሃያ፣ አራት ቀን ሙሉ። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው ስለሆኑ ስሌቱን በትክክል ተናገሩ። የተሳሳተው ስሌቱ አልነበረም።

«ለምን ሰጡት?» አለች እስከዳር።

«ልቡ ምት ይስታል። ሦስት መትቶ አንዱን ይስተዋል።»

እስከዳር ግንባሯን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ የተናገረችውን በኋላ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ያስቆጣዎትን ሁሉ ስለሚረሱ እዚህ እደግመዋለሁ። «የኔታ፣ እሱ መሳት አይደለም፤ ማረፍ ነው። ጤነኛ ፈረስ ሲቆም ልቡ ሰፊ ስለሆነ፣ ሥራም ስለሌለበት በየመሐሉ አንድ ምት ያርፋል። በሥርዓት ነው የሚያርፈው፤ እርስዎም በሥርዓት መሆኑን ሰምተዋል። ሲሮጥ ያ ዕረፍት ይጠፋል። ሲሮጥ አዳምጠውታል?»

«ታሞ እንዴት አስሮጠዋለሁ?»

«ሳይታመም ነበር ማስሮጥ። ይህ መድኃኒት ልብን ያዘገያል። ፈረስ ላይ ሲበዛ መጀመሪያ የሚወስደው የምግብ ፍላጎቱን ነው፤ ከዚያ ያፈዘዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። ልቡም ሦስት መትቶ አንድ ማረፉን ትቶ አንድ መትቶ ሁለት ማረፍ ይጀምራል።»

«አዎ፤ እንደዚያ ሆኗል» አሉ እርስዎ ቀስ ብለው። «በሽታው የጠና መስሎኝ ጨመርሁለት።»

 

እስከዳር ማርከሻ አልነበራትም። መድኃኒቱን የሚያወጣው ኩላሊቱ ነው፣ ውኃ አይጉደልበት፣ ከቦታው አይንቀሳቀስ፣ የምንጠብቀው እሱን ነው ብላ ሄደች። ሦስት ቀን ጠበቅን። እርስዎ በርጩማ አስገብተው ጆሮዎን ደረቱ ላይ እንደለጠፉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላቀርብልዎ ስመጣ ድምፅዎን ሰምቼ ከበሩ ውጭ ቆምሁ። ለዳማ ነበር የሚናገሩት።

«ከእኔ ፊት አትሂድ። ያላንተ በእግሬ የትም አልደርስ፤ እቤት ቁጭ ብዬ ደወል እየሰማሁ ልቀር ነው። እኔም ፈርቻለሁ። ጥር ላይ የሰማሁት የራሴ ልብ ደስ አላለኝም።»

ምሳውን ይዤ ተመለስሁ። ከጥር ጀምሮ እሑድ እሑድ የደወልሁት ይህን አንድ ቃል ለመስማት ነበር። ፈርቻለሁ ይበሉኝ፣ እኔም ፈርቻለሁ ልበልዎ፣ ከዚያ አብረን መላ እንፈልግ ብዬ። ለእኔ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ለፈረሱ «ፈርቻለሁ»። በክኒኑ አልተቀየምሁዎም፣ አባቴ። ለዳማ የሰጡትና እኔ የቀናሁበት ይህን ነው።

በአራተኛው ቀን ዳማ ከእጅዎ ሣር በላ። ከሰዓት በኋላ ገብሱን ጨረሰ። እርስዎም ሳቁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አዲስ ክኒን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ፣ በቀን አንድ ብዬ፣ «እሺ» አሰኝቼዎ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁ። ታሪኩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ 29 ደወልሁ። «ክኒኑስ?»

«ተትቷል።»

አሁን ግን ጆሮዬ ተከፍቷል። «ማን ነው የተወው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ዳማ የታመመው በመውሰዱ ነው፤ የዳነው በመተዉ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም እንደሱ ትቼ አርፋለሁ።»

«አርፋለሁ ማለትዎ ምን ማለት ነው?»

«የቃል ፍቺ ለአስተማሪ አልነግርም» አሉና ዘጉት። በማግስቱ ዳማን ይዘው ወደ ጠበል ወጡ።

ያን ቃል አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሳገላብጠው ከረምሁ። አንዱ ፍቺው ከድካም መገላገል ነው። ሌላውን ፍቺ እርስዎ ራስዎ በየቀብሩ ቆመው ይሉታል። የትኛውን እንዳሉኝ ላውቅ አልቻልሁም፤ እንዳላውቅም ነው የመረጡት። በአባትና በልጅ መካከል እንዲህ ያለ ቅኔ አይገባም። የሚቀኙብኝ በሕይወትዎ ነው።

ደግሞም ስሕተትዎ ያው የጥር ወሩ ስሕተት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው። ጥር ላይ የእርስዎ ልብ ስለታመመ የዳማም ታሟል አሉ። አሁን ዳማን መድኃኒቱ ስላሳመመው እኔንም ያሳምመኛል አሉ። ሁለቱንም ጊዜ እርስዎንና ፈረሱን አንድ አካል አድርገው ቆጠሩ። ክኒኑ አንድ ነው፤ ልቡ ግን ሁለት ነው። የዳማ ልብ ጤነኛ ነበርና መድኃኒቱ አሳመመው። የእርስዎ ታሟልና የሚቆመው መድኃኒቱ ደግፎት ነው። አሁን ድጋፉን አንሥተውበታል፤ እግርዎም እየነገረዎ ነው።

በጠበሉ አልከራከርዎም። እዚያ ያሉት አባት ራሳቸው «መድኃኒት ያለው መድኃኒቱን አይተው» እንዳሉ አማረ ነግሮኛል። በጠበሉ ይዋጡት።

እኔን ማመን እንደሚያቅትዎ ስለማውቅ ጆሮዎን ይመኑ። አማረ ዳማን ከጠበሉ በታች ባለው ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ያስጋልበው። አይዘንለት፤ ካገገመ ወር ሊሞላው ነው፣ እስከዳርም ፈቅዳለች። እንደቆመ ወዲያው ጆሮዎን ይለጥፉ። ያ ዕረፍት ከተሰማዎ እኔም እስከዳርም ተሳስተናል፤ መጥቼ ይቅርታ እጠይቅዎና ስለ ክኒን ደግሜ አላነሣም። ከጠፋ ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው። ከጠበሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ይቀመጡ፣ አንድ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ፣ በሌላው እጅ ጣት ጉልበትዎን ይምቱ። ተማሪው ቃሉን አጥንቶ ከሆነ ክኒኑን ይተዉት። ጣትዎ ከተደናገረ ግን ያውቁታል። ያን ጆሮ ማንም ሊያታልለው አይችልም፤ እርስዎም ቢሆኑ።

ከደብዳቤው ጋር ሠላሳ ክኒን አለ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ በቀን አንድ ብለው እንደገና ይጀምሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም መጥተው ይታዩ ብሏል። አማረ ይዞዎ ይመጣል። በዳማ ተቀምጠው ይምጡ፤ በእግርዎ እንዳይሆን። በሶም ልኬያለሁ። በሶው የእርስዎ ነው፣ ዳማ ገብሱን ይብላ።

አማረ ሲመለስ መልስ ይስጡት። ረጅም አልፈልግም፣ ቅኔም አልፈልግም። «ተዋጠ» ብለው ከላኩ ደብረ ማርቆስ ሥራዬን ትቼ ራሴ እመጣለሁ፤ እዚያው ጠበሉ ደጅ ተቀምጬ ባለቤቱ ማን ነው እያልሁ በሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ። የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ማን እንዳደረገው የማያጠያይቅ ቃል፦ ዋጥሁ።

እኔም በዚያው ሰዋስው እፈርማለሁ። ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ፤ የፈራሁት እኔ ነኝ። እወድዎታለሁ፤ የምወድዎ እኔ ነኝ።

ልጅዎ ማርያማዊት